ሐዋሳ፦ ለሊስትሮና ለአዟሪ ልጆች ነፃ ትምህርት በእድር አዳራሽ፣ ከየት ይጀመራል?

ሞኖፖል ሰፈር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን እድር አዳራሹን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት ሊሰጠን ተስማምቷል። ስፋቱ 8 በ12 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ 60 የሚሆን የፕላስቲክ ወንበር አለው፣ ሰሌዳ የለውም። ያሰብነው ለሊስትሮዎች፣ ማስቲካና ሶፍት ለሚያዞሩ፣ ዓሣ ገበያ ለሚውሉ ልጆች ነፃ ትምህርት መስጠት ነው። ትምህርት ቤት እየሄዱ ማንበብ ያልቻሉ የሰፈር ልጆችም አሉ። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ እናስተምራለን ብለዋል። ስንት ልጅ እንቀበል? በስንት ሰዓት? ምን እናስተምር? ፈቃዱስ ከማን ነው? ገንዘባችን ትንሽ ነው። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ጠመኔ

መጀመሪያ ቁጥሩን ወስኑ፦ 40 ልጅ፣ ሁለት ምድብ፣ በምድብ 20። 60 ወንበር ስላለ 60 ልጅ አይገባም። ዳቦ አለ ከተባለ በሁለተኛው ሳምንት መቶ ልጅ በር ላይ ይቆማል፤ ያኔ ሥራችሁ ማስተማር ሳይሆን ሰልፍ ማስያዝ ይሆናል። ከ40 በላይ የመጣውን ስሙን፣ የት እንደሚውልና ከማን ጋር እንደሚኖር ጽፋችሁ በተጠባባቂ ያዙት። በመጀመሪያው ወር የሚቀሩ አይጠፉም፣ ከዝርዝሩ ትተካላችሁ። ከወር በኋላ ግን እስከሚቀጥለው ዙር በሩ ይዘጋ። ፊደል ያልለየ ልጅ ቃል ከሚያነቡት መሃል ሲገባ መምህሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የቀደሙትም ይሰለቻሉ።

ሰዓቱን ከልጆቹ ገቢ ተነሥታችሁ ነው የምታወጡት። ሊስትሮ የሚሠራው ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት እና ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚውሉት ጀልባ በማለዳ ስለሚገባ እስከ ረፋድ አይላቀቁም። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴት ልጆች ደግሞ የምሳ ዕቃ ካጣጠቡ በኋላ ነው ትንሽ ፋታ የሚያገኙት። ሦስቱም የሚገናኙበት ሰዓት ከ8 እስከ 10 ነው። ትምህርት ቤት ያሉትንም ልትይዙ ካሰባችሁ የጠዋት ፈረቃ የሆኑትን ብቻ ውሰዱ፤ የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ለእናንተ ብሎ ከክፍሉ እንዳይቀር።

ሰኞና ሐሙስ ገበያ ነው፣ ሸክም የሚሠሩት አይመጡም። አዲስ ትምህርት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሰጥ፤ ሰኞና ሐሙስ ክለሳ፣ ንባብ፣ ጨዋታ። ይህን ሳያዩ «ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም» ብለው የሚዘጉ ፕሮግራሞች አሉ። ፍላጎቱማ አለ፣ ገበያውም አለ።

ቆርኪ

ጠመኔ «ፊደል ያልለየ» ያለው ላይ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ልጆቹን በክፍልም በዕድሜም አትመድቡ፤ ማንበብ በሚችሉት ልክ መድቡ። 5ኛ ክፍል ነኝ የሚለው ቃል የማያነብ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤት ያልረገጠው ሊስትሮ ደግሞ ከሱቅ ማስታወቂያ ፊደል ለቅሞ አንቀጽ ይሞክራል። የሕንዱ ፕራታም የተባለ ድርጅት ያስፋፋው፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም የተቀበሉት አካሄድ ይሄ ነው።

መለያ ፈተናው ለአንድ ልጅ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። አራት ካርድ ታዘጋጃላችሁ። አንደኛው ላይ ቅደም ተከተላቸው የተዘበራረቀ 10 ፊደላት፣ ሁለተኛው ላይ ባለሁለትና ባለሦስት ፊደል 10 ቃላት፣ ሦስተኛው ላይ 4 አጫጭር ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ አራተኛው ላይ 8 ወይም 10 መስመር ታሪክ። ከአንቀጹ ጀምሩ፤ ካነበበ ወደ ታሪኩ ውጡ፣ ካቃተው ወደ ቃል፣ ያም ካቃተው ወደ ፊደል ውረዱ። ከ10 ፊደል ወይም ቃል 8 ካገኘ አልፏል። ልጁ ለብቻው፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ይፈተን። ጓደኞቹ ከከበቡት አንዱ ሹክ ይለዋል፣ ሌላው ይስቅበታል፣ ልጁም በማግስቱ አይመለስም።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ እስከ «ፐ» በዜማ የሚወርደው ልጅ ፊደል ያወቀ ይመስላል። ጣታችሁን በቀጥታ «ሞ» ላይ አድርጉና ምንድነው በሉት። ዝም ይላል፤ ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ከ«መ» ተነሥቶ በዜማ እየቆጠረ «ሞ» ላይ እየደረሰ ነው። የሚያውቀው ቦታውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። ስለዚህ የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ በዜማ አታስወጡ። ገበታውን በመቀስ ቆራርጡት።

231ዱን ፊደል በአንዴ አታሸክሙ። በ7 ዘር ጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ። ከነእርባታቸው 49 ካርድ ይሆናሉ። በነዚህ ብቻ ላም፣ ቤት፣ ስም፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ሰላም፣ ሳሙና፣ አበባ፣ እናት፣ አባት፣ ልብስ፣ አንበሳ፣ ቲማቲም መጻፍ ይቻላል፤ ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት እውነተኛ ቃል ያነባል ማለት ነው። ካዕብ (2ኛው፣ እንደ «ሉ») ወገቡ ላይ ጭረት፣ ሳልስ (3ኛው፣ «ሊ») እግሩ ላይ ጭረት፣ ኃምስ (5ኛው፣ «ሌ») እግሩ ላይ ቀለበት መሆኑን አሳዩ፤ እነዚህ ሦስቱ ሥርዓት አላቸው። ሳድስ (6ኛው፣ «ል») እና ሳብዕ (7ኛው፣ «ሎ») ግን እንደየፊደሉ ስለሚለያዩ ለየብቻ ይለመዱ። ካርዱን ከፓስታ ካርቶን 8 በ10 ሳንቲም ቁረጡ፣ ለ5 ልጅ አንድ ስብስብ፤ ለ20 ልጅ 4 ስብስብ፣ 196 ካርድ። በማርከር ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ከሁለት ሜትር አይታይም።

ፊደል ሁሉ ለይቶ ቃል የማይወጣለት ልጅ ይገጥማችኋል። «ልብስ» ላይ «ል… ብ… ስ…» ይልና ምን አልክ ሲሉት አያውቀውም። ሳድሶቹን እያንዳንዳቸውን እየጎተተ ስለሚያነብ ቃሉ ጆሮው ውስጥ አይገጥምም። መድኃኒቱ በሳድስ በሚያልቁ አጫጭር ቃላት መጀመር ነው፦ ላም፣ ቤት፣ ሴት። ሁለቱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ ያስኪዱት። ልብስና ስም ከዚያ በኋላ ይምጡ። ሌላው ደግሞ መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «ገና»ን ልጁ በአንዱ ቢያነበው ተሳሳትክ አትበሉት፣ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠብቁት።

አላሙራ

@ቆርኪ ግሩም ነው። ግን ሐዋሳ ውስጥ ሆነን ሁሉንም በአማርኛ እንደደመደምነው ልብ በሉ። ከዳሌ፣ ከሸበዲኖ፣ ከቦርቻ የመጣ ልጅ 2ኛ ወይም 3ኛ ክፍል ድረስ በሲዳምኛ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ሲዳምኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የአማርኛውን ካርድ ብቻ አቅርባችሁለት ዜሮ ብትሰጡት፣ ሊያነብ የሚችል ልጅ ማንበብ ከማይችሉት ጋር ተቀመጠ። ፈተናው በሁለቱም ይዘጋጅ።

የማስተማሪያውን ቋንቋ የሚወስነው ልጁ መስከረም ላይ የሚገባበት ትምህርት ቤት ነው። በሲዳምኛ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚሄድን ልጅ ስድስት ወር በአማርኛ ፊደል ማድከም ጊዜ መግደል ነው። የወላይታ፣ የከምባታና የሀድያ ልጆች ግን ከተማ ውስጥ ባብዛኛው ወደ አማርኛው ክፍል ነው የሚገቡት፣ እሱን መያዝ ይበጃቸዋል። ሁለት ምድብ ካላችሁ አንዱን የሲዳምኛ ማድረግም ይቻላል፣ መምህር ከተገኘ።

እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ይሄን ጠብቁ፦ በሲዳምኛ የተማረ ልጅ ኤክስ የምትባለዋን ፊደል «ጥ»፣ ሲ የምትባለዋን «ጭ» ብሎ ያነባል። ያላወቀ መምህር «ይሄ ልጅ ምንም አያውቅም» ይላል። ያወቀውን ነው ያነበበው።

ስምንተኛ ክፍል

ሁላችሁም ፊደል ላይ ናችሁ። እኔ የምለው ውጤት የሚታየው ፈተና ላይ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚወስዱትን 40 ልጆች ይዛችሁ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ አጠናክሩ። ረጂ የሚሰጠው ውጤት ሲያይ ነው። ፊደል ማስቆጠር የመንግሥት ሥራ ነው።

ቆርኪ

@ስምንተኛ ክፍል፣ ወንድሜ፣ የ12ኛ ክፍሉን ውጤት አብረን አይተናል። 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ያ ችግር 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና በአገር ደረጃ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ በሲዳምኛ ከተፈተኑት መካከል ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ። ኋላ ለፈተና የተቀመጡት እነዚያን ልጆች ተከትለው የመጡት ናቸው።

ለ8ኛ ክፍል ማጠናከሪያ የሚመጣው ልጅ እስከ 8 የደረሰው ነው፤ ይኼ ክር የተከፈተው ደግሞ 3ኛ ላይ ለወደቀው ነው። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ካደረጋችሁ መምህራኑ ወደ ፈተናው ልጆች ያጋድላሉ፣ ለመምህሩም እነሱ ይቀሉታልና።

ስምንተኛ ክፍል

እሺ፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነው። ለቅዳሜ ይሁን።

ጠመኔ

ቅዳሜ ቀብር ካልወጣ። የእድር አዳራሽ መሆኑን አትርሱ፤ ሐዘን ሲኖር ወንበሩም ድንኳኑም ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ቀን ደጅ ላይ ጥላ ያለው ቦታና ሁለት ምንጣፍ ይኑራችሁ።

የጓዳ ሰው

ስለ ምግብ ማንም አልጻፈም፣ እኔ ልጻፈው እንጂ። ከማለዳ ጀምሮ በአንድ ሻይ የዋለ ልጅ 8 ሰዓት ላይ ተቀምጦ ፊደል አይገባውም። ለ40 ልጅ ሁለት ቀላል ነገር አለ።

በሶ፦ ለአንድ ልጅ 50 ግራም ዱቄት፣ 2 ዴሲ ውኃ፣ 10 ግራም ስኳር። ለ40 ልጅ 2 ኪሎ በሶ፣ 8 ሊትር ውኃ፣ 400 ግራም ስኳር። ውኃው ጠዋት ተፈልቶ ክዳን ባለው ዕቃ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በሶ እሳት ላይ ስለማይወጣ የውኃው ንጽሕና ብቻ ነው የሚጠብቃቸው። በአንድ ጊዜ ዱቄቱን አትድፉት፣ ይጓጉላል፤ በትንሽ ውኃ ካሻችሁ በኋላ አቅጥኑት።

ንፍሮ፦ ለአንድ ልጅ 60 ግራም ደረቅ፣ ለ40 ልጅ 2 ኪሎ ከ400። ግማሹ ስንዴ፣ ግማሹ ቦሎቄ። እዚህ አካባቢ ቦሎቄ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ይገዛዋል፣ ግን አደጋ አለው። በተለይ ቀዩ በደንብ ካልፈላ ያስመልሳል፣ ሆድ ያሳምማል። ሌሊቱን ይነከር፣ የተነከረበት ውኃ ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ ይፍላና ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ከሚበስለው የበለጠ ይቆያል። ከሰል ለመቆጠብ በትንሽ እሳት ቀስ ብሎ የበሰለ ቦሎቄ ነው አደገኛው። ጓያ ደግሞ ለንፍሮም ለቆሎም ፈጽሞ አትግዙ፤ አዘውትሮ የበላውን ልጅ እግሩን ያሽመደምደዋል። ተደባልቆ እንዳይመጣ ጥራጥሬውን ልቀሙት። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን።

ዳቦ ከመረጣችሁ ከዳቦ ቤቱ ጋር በፍሬ ሳይሆን በኪሎ ተስማሙ። የዳቦ መጠን እንዴት እንደሚያንስ ታውቃላችሁ።

መቼ ይበሉ ለሚለው፦ ሲገቡ ከበሉ ጥቂቱ በልተው ይሄዳሉ፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ ሁለቱን ሰዓት ድስቱን ሲያዩ ይውላሉ። ስም ተጠርቶ ግማሽ ሰዓት ከተነበበ በኋላ፣ 8 ተኩል ላይ ስጧቸው። እጅ መታጠቢያ ባለ ቧንቧ የ20 ሊትር ጄሪካን ሁለት፣ ሳሙናው በመረብ ታስሮ ጄሪካኑ ላይ ይንጠልጠል፤ ካልታሰረ ሳምንት አይሞላውም።

ማኅተም

ወረቀቱን በአጭሩ። ድርጅት ካላቋቋማችሁ በእድሩ ስም ይሁን፤ እድሩ ማኅተም አለው፣ ሰፈሩ ያውቀዋል። የሚያስፈልገው የእድሩ ቃለ ጉባኤ፣ ለቀበሌው ማሳወቂያ፣ ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ነው። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን መዝለል አይጠቅምም፤ መስከረም ላይ ልጆቹን የሚቀበለው ትምህርት ቤት ከእሱ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ድርጅት ማቋቋም ከፈለጋችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው መነሻው። በፌዴራል የሚመዘገበው ከአንድ በላይ ክልል ውስጥ የሚሠራ ወይም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያለ ነው፤ ሐዋሳ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ ከክልሉ ጋር ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የምግብና የጽሕፈት ደረሰኝ ለየብቻ ይቀመጥ።

የልጆች ጥበቃ ሕግ አንድ ገጽ ጻፉና ሁሉም በጎ ፈቃደኛ ይፈርም። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ሁሌም ሁለት። ማንም ልጅ ወደ መምህሩ ቤት አይሂድ። ፊቱ የሚታይ ፎቶ አይነሣ። ረጂ መጥቶ ዳቦ ሲሰጥ ልቅረጽ ካለ ካርዱንና ሰሌዳውን ይቅረጽ። 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተከለከለ መሆኑን እወቁት፣ ግን በዚህ ሕግ የልጆቹን አሠሪ እያስፈራራችሁ አትጀምሩ። ልጅቷን ነው ከቤት የሚያስቀሯት።

ከታቦር ሥር

@ማኅተም የመጨረሻዋ ትክክል ናት። ሰው ቤት ላሉት ሴት ልጆች የእድሩ ሴት አባላት ሁለት ሆነው ቤቱ ድረስ ሄደው እመቤቲቱን ይጠይቁ፤ ጥያቄው «በቀን 2 ሰዓት፣ ከ8 እስከ 10፣ ስትገባና ስትወጣ እናደርሳለን» የሚል ይሁን። ወጣት ወንድ ከላካችሁ በሩ ይዘጋል።

በጎ ፈቃደኞቹን በተመለከተ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚድና በፋይናል ጊዜ አይገኝም፣ ክረምት ወደ አገሩ ይሄዳል። ይሄ ክፋት አይደለም፣ ካሌንደሩ ነው። ለእያንዳንዱ ምድብ የሰፈሩ ልጅ የሆነ፣ 12ኛ የጨረሰ አንድ ቋሚ አስተማሪ በትንሽ አበል ያዙ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ረዳት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2011 በያኔው ደቡብ ክልል የጀመረው ስፒድ ስኩል የተባለው ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው፦ ከአካባቢው የተመለመለ አመቻች፣ በክፍል ከ30 የማይበልጥ ልጅ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት። ሰው የሚያነሣው 10 ወሯን ብቻ ነው። የእናቶች የቁጠባ ቡድን አብሮት መኖሩንና ክፍሉ በአቅራቢያው ካለ መደበኛ ትምህርት ቤት ጋር የተሣሰረ መሆኑን ማንም አያነሣም።

ሞኖፖል ሰፈር

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ። አንደኛ ሒሳብ እንዴት ይሁን? ሁለተኛ፣ የእድሩ ሊቀመንበር «ድህነቱ ካልተፈታ ትምህርቱ ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡን ለወላጆቹ ስጡት» ይላሉ። ምን ልመልስላቸው?

ጠመኔ

ሒሳቡን እኔ። አዟሪ ልጅ በቃል ሒሳብ ከመምህሩ ይፈጥናል፤ መልስ ሲሰጥ እዩት። የሚያቅተው መጻፉ ነው። «መቶ ሁለት ጻፍ» ሲባል 1002 ይጽፋል፣ መቶውን ጽፎ ሁለቱን ይቀጥልበታልና። ከመጥረጊያ ስንጥር ቁረጡና አሥር አሥሩን በላስቲክ እሰሩ፣ አሥሩ እስር ደግሞ አንድ ትልቅ እስር ይሁን። መቶ ሁለት ማለት አንድ ትልቅ እስር፣ ምንም ትንሽ እስር፣ ሁለት ነጠላ። መሃል ላይ ያለችው ዜሮ ባዶ ቦታ መሆኗን በዓይኑ ያያል። መበደርም በዚሁ ነው፦ እስሩን ፍታ፣ አሥር ነጠላ ሆነ። ለማባዛት ቆርኪ በረድፍ መደርደር ይበቃል። አንዴ ከገባቸው በፍጥነት ይሄዳሉ፣ ስሌቱ ቀድሞውንም አላቸው።

ከታቦር ሥር

ለሊቀመንበሩ፦ ጋሼ ያሉት ግማሹ ልክ ነው በላቸው። ዩኒሴፍና ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ አብረው ባወጡት ጥናት፣ የ2016ቱን እ.ኤ.አ. የጤና ዳሰሳ መሠረት አድርገው፣ ከኢትዮጵያ ልጆች 88 በመቶው በብዙ መልኩ ድሃ ናቸው። ይሄ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ መኖሪያ፣ ትምህርት፣ ጤና ተቆጥሮ ቢያንስ ሦስቱ የጎደለባቸውን ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ እስከ 10ኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ክፍያ የለውም፣ ግን ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ጫማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ በቀን የሚያመጣት ገቢ አለች። እሷን ያልቆጠረ ነፃ ትምህርት ለዚያ ቤት ነፃ አይደለም።

ገንዘቡን ለወላጅ አንድ ጊዜ ቢሰጡት ግን በወሩ የለም። የሚሻለው የቁጠባ ቡድን ነው። ከ15 እስከ 20 እናቶች በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ይገናኛሉ፤ መዋጮው በጣም ድሃዋ የምትችለው ልክ ይሁን፣ ሀብታሟ በምትፈልገው አይሁን። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ፣ ቁልፎቹ በሦስት ሰው እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት። የመጀመሪያው ብድር ከ8 ወይም ከ10 ሳምንት በፊት አይወጣ። የሚፈርሱት ሁለት ምክንያት አላቸው፦ የውጭ ሰው ገንዘብ ጨምሮበት ብድሩን እንደ ስጦታ ሲያዩት፣ ወይም የሒሳብ ደብተሩን የምትይዝ አንዲት ሴት ብቻ ስትሆን። እቁብን የሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም፤ ልዩነቱ ብድርና ወለድ መኖሩ ነው።

ጤና ጣቢያ

ሁለት ነገር ልጨምር። የትል መድኃኒት ባብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ የእናንተ ልጆች ሳያገኙት ያልፋሉ። የአካባቢውን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በቀጣዩ ዘመቻ አዳራሹንም እንድታካትት ጠይቋት። ሐይቁ ዳር የሚውሉት፣ መረብ የሚያጥቡትና የሚዋኙት ለቢልሃርዚያ የተጋለጡ ናቸው፤ እሱ መድኃኒቱ በክብደት ስለሚለካ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ፣ ባዶ ሆድ ላይም አይወሰድም።

ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች ይመጣሉ። አታባርሯቸው። ስቦ የመጣውን በር አጠገብ አየር በሚገባበት አስቀምጡት፣ ካንቀላፋ ምግብ እንዳትሰጡት፣ ያንቀዋል። አትሯሯጡበት፣ አታስደንግጡት፤ ልቡ ላይ አደጋ አለው። ከነቃ በኋላ ይብላ። ለሥራ የሚሆን ሙጫ ከዱቄት ቀቅላችሁ ሥሩ፤ የጫማ ማስቲሽ አዳራሹ ውስጥ እንዳይገባ፣ የሊስትሮዎቹም ሣጥን በር ላይ ተረካክበው ይቀመጥ። ሣጥናቸው እንደማይጠፋ ካላመኑ ደግሞ አይገቡም፣ ስለዚህ ቁጥር ስጧቸው።

አላሙራ

ደብተርም አስቀሩት እንጂ አትስጡት። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ደብተር ይሸጣል፤ ተሸጦም ዳቦ ይገዛበታል፣ አይፈረድበትም። ባለ 50 ሉክ ሁለት ሁለት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ስም ተጽፎበት ካርቶን ውስጥ አዳራሹ ይደር። መቅረጫ ለምድቡ 4 ይበቃል፣ በክር ታስሮ።

ሰሌዳ፦ አንድ 122 በ244 ኤምዲኤፍ ለሁለት አስቆርጡ፣ ሁለት ምድብ ሁለት ሰሌዳ። በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ የሚያብለጨልጭ ላይ ጠመኔ ይንሸራተታል። ሲደርቅ ጠመኔውን አጋድማችሁ ሙሉውን ነጭ አድርጉና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ጻፉበት። ይህን የዘለለ የመጀመሪያው ጽሑፍ አይለቅለትም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ለዚያ ሰዓት የጽሑፍ ሥራና የካርድ ጨዋታ አዘጋጁ።

ሞኖፖል ሰፈር

ሊቀመንበሩ አነበቡት፣ የቁጠባውን ነገር ወደዱት። የቀረኝ አንድ ነው፦ መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ «መሸኛ የሌለው አልቀበልም» ቢልስ?

ማኅተም

ጳጉሜ ላይ ከሄድክ ይላል። ግንቦት ላይ ሂድ። ርእሰ መምህሩን የምትጠይቀው የመመደቢያ ፈተናውን የራሱ መምህራን እንዲያወጡና እንዲያርሙ ነው፤ እናንተ ፈትናችሁ «ለ4ኛ ክፍል ይበቃል» ብትሉ ማንም አያምንም፣ ያመነም ቢሆን ኋላ ልጁን ይመልሰዋል። ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ከወጣ መሸኛውን ይተካል። መሸኛ አለ ግን ወረዳው ሩቅ ነው ለሚሉት የትምህርት ቤቱን ስምና የተማሩበትን ዓመት ይዛችሁ በክፍለ ከተማው በኩል አስጽፉ።

የልደት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ቀበሌ ላይ ነው የሚሠራው። ወላጅ አብሮ ለሌለው ልጅ አሳዳጊው ወይም ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱ ያቅርበው፤ ይህም ጊዜ ስለሚወስድ ልጁ እንደተመዘገበ በመጀመሪያው ወር ጀምሩት።

ከታቦር ሥር

ከገቡም በኋላ አትልቀቋቸው። የሚያቋርጡት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፦ የ13 ዓመት ልጅ 4ኛ ክፍል ውስጥ «አባባ» ሲባል፣ ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ ሲሆን፣ ዩኒፎርሙ ሳይሰፋ ሲቀር። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ጠይቁ፤ ብቻውን የገባ ቶሎ ይወጣል። ዩኒፎርሙን ሐምሌ ላይ በልክ አሰፉ፣ ከጫፉ አራት ጣት ታጥፎ የሚፈታ። ቋሚ አስተማሪዎቹ እስከ ገና በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄደው የስም መጥሪያውን ይዩ፤ ሦስት ቀን የቀረውን በዚያው ሳምንት ወደሚሠራበት ቦታ ሄደው ይፈልጉት።

የጓዳ ሰው

ለድስቱ ባለ 20 ሊትር ይበቃል፣ ንፍሮ ሲፈላ ስለሚያብጥ ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉት። ከእድሩ ትልቁን ድስት እንዋሳለን ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ልቅሶ በወጣ ቀን ልጆቹ ጾማቸውን ይውላሉ።